አጀንዳ መያዝ ከንቱ ድካም ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የዕለት ተግባር መመዝገቢያ ደብተርን፣ ሁላችንም አጀንዳ ብለን የምንጠራውን፣ የሚነቅፍ ጽሑፍ አነበብሁ። መከራከሪያው ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ ቀንን በሰዓት ሸንሽኖ መጻፍ ከውጭ የመጣ ልማድ እንጂ የእኛ አይደለም፤ መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቋረጥበትና የታክሲ ሰልፍ ግማሽ ጠዋት በሚበላበት ኑሮ ውስጥ የተጻፈ ዕቅድ እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አይዘልቅም፤ ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ግቡን የጻፈ ሰው ከሌላው ይልቅ ይሳካለታል የሚባለው ወሬ ማስረጃ የለውም፤ አጀንዳ ሰውን የሰዓት ባሪያ አድርጎ ከዘመድና ከጎረቤት ይለየዋል፤ ስልክ በእጅ እያለ ወረቀት መሸከም ትርፉ ድካም ነው፤ ለዚህም ሁሉ ምስክሩ አብዛኛው ሰው መስከረም ላይ የጀመረውን አጀንዳ ጥቅምት ሳያልቅ መተዉ ነው።

ጸሐፊው ይህን ያሉት በቅንነት እንደሆነ አምናለሁ፤ ከነጥቦቻቸውም አንዱን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሂሳብ በመያዝ የምተዳደር፣ ያለ አጀንዳም ለመሥራት ሞክሬ የተጎዳሁ ሰው በመሆኔ ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም። መሠረታዊው ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ እሳቸው አጀንዳን ቀኑን ለመቆጣጠር የተሠራ መሣሪያ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ደግሞ ዋና ጥቅሙ ለራሳችንና ለሌሎች የገባነው ቃል ምን ያህል እንደሆነ፣ ካለን ጊዜ ጋርም ይመጣጠን እንደሆነ በዓይናችን እንድናየው ማድረጉ ነው እላለሁ።

ባዕድ ነው ከሚለው ልነሣ። ቃሉ በእርግጥ የውጭ ነው፤ በየዓመቱ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ለደንበኞቻቸው የሚያድሉት ልባሱ ጠንካራ ደብተርም መልኩ ከውጭ የመጣ ነው። ጊዜን አስቀድሞ ቈርጦ መመደብ ግን በእኛ ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴውንና መጥቅዑን አስልተው፣ ጾመ ነነዌ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚጀምርና ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ዓመቱ ገና ሲገባ ያሳውቃሉ። በገዳማት የዕለቱ ጸሎት ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት በሰባት ጊዜያት የተከፈለ ነው፤ ሙስሊሙም ቀኑን ከፈጅር እስከ ዒሻ በአምስት ሶላት ይከፍለዋል። ገበሬው የተበደረውን እህል ለኅዳር ሚካኤል እመልሳለሁ ሲል አዝመራው የሚደርስበትን ወቅት አስልቶ ቀን መቍረጡ ነው። በየሰፈሩ ያለ የዕቁብ ጸሐፊ ማን እንደ ጣለ፣ ማን እንደ ቀረበት፣ ዕጣው ለማን እንደ ወጣ በመዝገቡ ይዞ ይገኛል፤ ዕቁብተኛውም ያንን መዝገብ አምኖ ሱቅ ይከፍታል፣ ልጅ ይድራል። ስለዚህ አዲሱ ነገር ማኅበሩ ለጋራ ጉዳዩ ሲያደርገው የኖረውን አንድ ሰው ለግል ሥራው ማድረጉ ብቻ ነው።

ጸሐፊው «የሐበሻ ቀጠሮ» የምንለውን መዘግየት ከሰዓት ይልቅ ሰውን የማክበር ምልክት አድርገው ሊያዩልን ሞክረዋል። በዚህ አልስማማም። ዕድርተኛ ለቀብር ሰዓቱን አክብሮ የሚገኘው ስሙ የሚጠራበት መዝገብ ስላለና የቀረ ሰው ቅጣት እንደሚከፍል ስለሚያውቅ ጭምር ነው። ያው ሰው ለግል ቀጠሮው ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ባህሉም ሰውየውም አልተለወጡም፤ በአንደኛው በኩል የተጻፈ ነገር አለ፣ በሌላው በኩል የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በመንገድ ዳር ቆሞ የጠበቀው ሰው ደግሞ እንደ ተከበረ አይሰማውም።

ባዕድነቱ እውነተኛ ችግር የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ ጽሑፉ ግን አላነሣውም። በገበያ ላይ ከሚገኙት አጀንዳዎች ብዙዎቹ በአውሮፓውያን ቀን ብቻ የታተሙ ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ጳጉሜን የሚባል ነገር የለም፤ የገጹ የሰዓት መስመርም እኛ ጠዋት 2 ሰዓት የምንለውን 8 ብሎ ይጀምራል። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ ቤት ያላቸውና በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ደንበኛዬ ሐሙስ 3 ሰዓት እንድንነጋገር ተስማምተን፣ እኔ በአዲስ አበባ ሰዓት ማታ 3 ላይ ጠብቄ ተስፋ ቆርጬ ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ። እሳቸው ደግሞ 3 ሰዓትን በራሳቸው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አድርገው መዝግበውት ኖሮ፣ እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ደጋግመው ደውለዋል። የኪራይ ውሉ እድሳት በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ሰው ጋር የምይዘውን ቀጠሮ ሁሉ በሁለቱም ቀንና በሁለቱም ሰዓት እጽፈዋለሁ። መፍትሔው አጀንዳውን በእኛ አቆጣጠር፣ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መሥራትና የአውሮፓውያኑን ቀን በጎኑ ማኖር ነው፤ ልማዱን መጣል አይደለም።

የኑሮው አለመረጋጋት ከነጥቦቹ ሁሉ የሚከብደው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው እወዳለሁ። ጸሐፊው የገለጹትን ኑሮ እኔም እኖረዋለሁ። በሐምሌ፣ የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ የግብር ጥድፊያው በሚጀምርበት ወር፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ አብሮ ይቆማል። ታዲያ እንዲህ ያለው ቀን የሚጎዳው ማንን ነው? ዕቅድ የሌለው ሰው መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ይበሳጫል፣ ቀጥሎ ይመጣል እያለ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቡና ሊጠጣ ይወጣል፤ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር ትዝ የሚለው ከቀትር በኋላ ነው። እኔ ገጼን በመሐል አሰምሬ ለሁለት እከፍለዋለሁ። በአንደኛው ወገን መብራትና ኔትወርክ የሚፈልገው ሥራ ይሰፍራል፤ ሂሳብ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ፣ ሰነድ በኢሜይል መላክ፣ የባንክ ዝርዝር ማውጣት። በሌላው ወገን ያለ መብራት የሚሠራው ይቀመጣል፤ ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል መደርደር፣ የዕቃ ቆጠራ ወረቀት ማመሳከር፣ ያልከፈለ ደንበኛ ዘንድ መደወል። መብራቱ ሲጠፋ የሚቀረኝ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ ማዞር ብቻ ነው፤ ምን ልሥራ ብሎ ማሰቡ ትናንት ማታ አልቋል።

ይህ የእኔ ብቻ ዘዴ አይደለም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ «ይህ ከሆነ ያንን አደርጋለሁ» በሚል መልክ የተያዘ ዕቅድ «አደርገዋለሁ» ከሚል ባዶ ምኞት እንደሚበልጥ ለብዙ ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር ሆነው 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ሁኔታውንና ተግባሩን አስቀድሞ ማያያዝ ግብ ላይ ለመድረስ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ የሚባል ውጤት እንዳለው አግኝተዋል። እንግዲህ ኑሮው በተናወጠ ቁጥር «ይህ ከሆነ» የሚለው ይበዛል፤ አስቀድሞ መጻፍም ይበልጥ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ከአንድ እውነተኛ ሁኔታ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ የተገላቢጦሽ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ዕቅዳችን የሚፈርሰው በመብራትና በታክሲ ምክንያት ብቻ እንደሆነም ተነግሯል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካንማንና አሞስ ትቨርስኪ ሰው ለሥራው የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1979 አመልክተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የቡለር፣ የግሪፊንና የሮስ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀናት ገደማ እንጨርሳለን ብለው ገምተው ከ55 ቀናት በላይ እንደፈጀባቸው አሳይቷል። ስሕተቱ ያለው በራሳችን ግምት ውስጥም ነው፤ መድኃኒቱም መጻፍ ነው። የአንድ አነስተኛ ሱቅ የወር ሂሳብ በሦስት ሰዓት የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። በአጀንዳዬ ከግምቱ ጎን የፈጀውን ሰዓት መጻፍ ከጀመርሁ በኋላ ግን አምስት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ደረሰኞቹ በፌስታል ተጠራቅመው ከመጡ ደግሞ ሰባትም እንደሚደርስ አየሁ። ከዚያ በኋላ ለደንበኞቼ የምሰጠው ቀን ተለወጠ፣ የማስከፍለው ዋጋም ተስተካከለ። አሁን ከስምንቱ የሥራ ሰዓት አምስቱን ብቻ እመድባለሁ፤ ሦስቱ ለሰልፉ፣ ለመብራቱና ሳይታሰብ ለሚመጣ ሰው ይቀራሉ። ጸሐፊው እስከ ምሳ አይዘልቅም ያሉት ዕቅድ ስምንቱም ሰዓት ጢም ብሎ የተሞላ ዕቅድ ነው፤ እሱስ በእርግጥ አይዘልቅም።

ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው ለሚለው ብዙ አልልም። እኔም አምናለሁ። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የተነገረው ምሳሌ አለ። በያዕቆብ መልእክትም ስለ ነገ የሚናገሩ ሰዎች የተመከሩት «ጌታ ቢፈቅድ» እንዲሉ ነው፤ አታስቡ አልተባሉም። ኢንሻአላህ የሚል ሙስሊም ወንድማችንም የሚለው ያሰበው ነገር ስላለ ነው።

ሙሉ በሙሉ የምቀበለው ነጥብ ስለ ተጻፉ ግቦች የሚነገረውን ወሬ የሚመለከተው ነው። በየሥልጠናው እ.ኤ.አ. በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት መካከል ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ ከ20 ዓመት በኋላም እነዚህ ከቀሩት 97 በመቶ በላይ ሀብት እንዳፈሩ ይተረካል። እንዲህ ያለ ጥናት አልተደረገም፤ ዩኒቨርሲቲውም ራሱ የለም ብሏል። ጸሐፊው ይህን በማጋለጣቸው ምስጋና ይገባቸዋል፤ በውሸት ማስረጃ ላይ የቆመ ምክር ጥሩም ቢሆን ይፈርሳልና። ነገር ግን አንድ የፈጠራ ወሬ ስለ ወደቀ ሌላው ማስረጃ ሁሉ አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 158 ጥናቶች ያጠቃለለ ምርመራ ጊዜን በዕቅድ መጠቀም ከሥራ ውጤትም ከደኅንነት ስሜትም ጋር መካከለኛ ዝምድና እንዳለው አሳይቷል። ዝምድና መኖሩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ አጀንዳ ባለጸጋ ያደርጋል የሚል ሰው ካለም እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ከዚሁ ምርመራ አንድ ነገር በተለይ ትኩረቴን ሳበው፤ ዝምድናው ከሥራ ውጤት ይልቅ በሕይወት ከመርካት ጋር የጠነከረ ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህ የሰዓት ባሪያ ያደርጋል ለሚለው ክስ ቀጥተኛ መልስ ይመስለኛል። ምክንያቱንም ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ብሉማ ዜይጋርኒክ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ያልተጠናቀቀ ሥራ ከተጠናቀቀው ይልቅ በአእምሮ ውስጥ እንደሚመላለስ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ማሲካምፖና ባውማይስተር ደግሞ ለቀረው ሥራ መቼና እንዴት እንደሚሠራ የተወሰነ ዕቅድ ማውጣት ብቻውን፣ ሥራው ገና ሳይሠራ፣ ያንን ሐሳብ እንደሚያሳርፈው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ57 ወጣቶች ላይ በተደረገ ሙከራም ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ የሚቀጥሉትን ቀናት ሥራ የጻፉት፣ የሠሩትን ከጻፉት ይልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሙከራው አነስተኛ ነው፤ ሆኖም ነገ ማን ዘንድ እንደሚደውል በጨለማ ጣሪያ እያየ የቆጠረ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ከዘመድና ከጎረቤት ይለያል የሚለው ግን በጣም ያሳዘነኝ ነጥብ ነው፤ የኔን አጀንዳ ገልጦ የሚያይ ሰው ተቃራኒውን ያነባልና። ማክሰኞ ከ11 ሰዓት በኋላ እናቴን የምጠይቅበት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። በ21 የማርያም ማኅበራችን የሚወጣበት ቤት፣ አራስ ያለችበት የጎረቤት ደጅ፣ አርባ ያልተወጣለት የወዳጅ ለቅሶ ሁሉ ተመዝግቧል። ድንገት ለቅሶ ቢሰማ እሄዳለሁ፤ ማንም አጀንዳ አይከለክለኝም። ልዩነቱ ከመሄዴ በፊት ገጹን አይቼ በዚያ ቀን የሚጠብቁኝን ሁለት ሰዎች ደውዬ ይቅርታ መጠየቄ ነው። ሳይጽፍ የሄደው ሰው ግን አንዱን ሲያጽናና ሌላውን በር ላይ አቁሞታል። እያንዳንዷን ግማሽ ሰዓት በሥራ የሚሞሉ ሰዎች መኖራቸውን አልክድም፤ እነሱም ይጎዳሉ፤ ነገር ግን ለዕረፍትና ለሰው ቦታ ያልሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ስልክን በተመለከተ ክርክር መግጠም አያስፈልግም። ለማስታወሻ ደወል ስልክ ይበልጣል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ወረቀትን የምመርጠው ቀኑን ለማሰብ ስቀመጥ ነው፤ ስልኩን ለአጀንዳ ብዬ ከፍቼ ሦስት መልእክት መልሼ፣ የከፈትሁበትን ጉዳይ ረስቼ የዘጋሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ወረቀት ደግሞ ባትሪው አያልቅም። በስልክ የሚረጋ ሰው በስልኩ ይጻፍ፤ ቁም ነገሩ መጻፉ ነው።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ስመጣ፣ አዎ፣ አብዛኛው ሰው ጥቅምት ላይ ያቆማል። እኔም ሁለት ጊዜ አቁሜያለሁ። ነገር ግን ለምን እንደሚቆም መጠየቅ ነበረብን። አንደኛው ምክንያት በመስከረም 1 ገጽ ላይ የምንጽፈው የዓመት ምኞት መሆኑ ነው። «እንግሊዝኛ መማር» የሚል መስመር ለአንድ ቀን የሚሆን ሥራ አይደለም፤ በማግሥቱም በሳምንቱም ሳይሠራ ይዞራል፣ ሰውም ይሰለቸዋል። «ሰኞ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቤ መልመጃውን መሥራት» ቢባል ግን ተሠራ ወይም አልተሠራም ለማለት ይቻላል። ያልተሠራውን ነገር ወደ ማግሥቱ በእጄ እገለብጠዋለሁ። ሦስት ጊዜ ገልብጬው አሁንም ካልተሠራ በዚያው ምሽት እወስናለሁ፤ ነገ በመጀመሪያው ሰዓት እሠራዋለሁ፣ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፣ አለዚያም እሰርዘውና ለሚመለከተው ሰው አልችልም ብዬ እነግረዋለሁ። ይህ የመጨረሻው በጣም ይከብዳል፤ ሆኖም ለወራት ዛሬ ነገ እያሉ ሰውን ከማመላለስ እጅግ የተሻለ ነው።

ሌላው ምክንያት የታተመው ቀን ራሱ ነው። አምስት ቀን ያልጻፈ ሰው አምስት ባዶ ገጽ ሲያይ ያፍርና ደብተሩን ያስቀምጠዋል። በሥርዓት አክባሪነት ምሳሌ ተደርጎ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የአገር መሪና ጸሐፊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንኳ ለራሱ ካወጣቸው 13 በጎ ምግባራት መካከል ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ሥርዓት እንደሆነ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ አምኗል። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው ቀን ያልታተመበት ተራ ባለ መስመር ደብተር ገዝቶ ቀኑን በእጁ እንዲጽፍ ነው፤ ያቋረጠበት ጊዜ ባዶ ገጽ ሆኖ አይጠብቀውም።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ታማ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ 40 ቀን ያህል አንድ መስመር አልጻፍሁም። ስመለስ ደብተሩን ካቆምሁበት ገጽ ገለጥሁት። የተጀመረ ሂሳብ፣ ያልተላከ ሰነድና ቃል የገባሁላቸው የስድስት ሰዎች ስም ነበረበት። ከስሩ አዲሱን ቀን ጽፌ፣ ስድስቱን ስም በቅደም ተከተል ገልብጬ፣ እስከ ምሳ ድረስ ለሁሉም ደወልሁ።